ክብደት አልባ ልጅ በአኒሜሽን፦ ውኃ ውስጥ የምትዋኝ እንዳትመስል ምን ይደረግ?

ነጭ ሸራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ደቂቃ የቤተሰብ አኒሜሽን ፊልም በብሌንደር 4.2 (የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር) እየተሠራ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም። ባለታሪኳ የ9 ዓመት ልጅ ናት። ምድርን በምትዞር የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች፤ ጨረቃ ላይ ካለችው እናቷ ጋር በሬዲዮ ትነጋገራለች፤ መጨረሻ ላይ ራሷም ጨረቃ ትደርሳለች። ቁመቷ አራት ጭንቅላት ያህል ነው፤ ሪጉ (የሚያንቀሳቅሳት የአጥንት መዋቅር) በብሌንደሩ ሪጊፋይ የተሠራ ነው።

ዋናው ጥያቄ፦ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስትንሳፈፍ ገንዳ ውስጥ ያለች ነው የምትመስለው። ክፍሉ 4 ሜትር ነው። ፍሬም 1 ላይ አንዱ ግድግዳ ጋ ናት፣ ፍሬም 96 ላይ ሌላው ጋ፣ መሃል ላይ እጅና እግሯ ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ። ፀጉሯ ደግሞ ስበቱ ዜሮ ተደርጎም ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ነው።

ሌሎቹ፦ ሄልሜት ስታጠልቅ ፊቷ ይጨልማል፤ ዲኖይዝ ሲደረግ (የምስሉ ነጠብጣብ ሲጸዳ) ከዋክብቱ ይጠፋሉ፤ የምታለቅስበት ትዕይንት ላይ እንባው እንዴት እንደሚሠራ መወሰን አለበት። በየትኛውም ላይ የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ክፈፍ በክፈፍ

ሰላም እህቴ። ችግሩ ያለው ግራፍ ኤዲተሩ (የእንቅስቃሴው ከርቭ የሚታይበት መስኮት) ላይ ነው። ብሌንደር ሁለት ኪፍሬም (ቦታው የተመዘገበበት ፍሬም) ሲሰጡት ካልነገሩት በቀር በቤዚየር ነው የሚያገናኛቸው፤ ቤዚየር ደግሞ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል። መሬት ላይ ለቆመ ሰው ጥሩ ነው። ተንሳፋፊ አካልን ግን ግድግዳውን ከለቀቀ በኋላ የሚያፈጥነውም የሚያዘገየውም የለም፤ ቀጥሎ የሚነካው ነገር ጋ እስኪደርስ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ መስመር ይሄዳል። መሃል አየር ላይ እየዘገየች የምትሄድ ልጅ ሲያይ ዓይን ውኃ ነው ብሎ ይወስናል፤ እንደዚያ አድርጎ ሰውን የሚይዝ ውኃ ነዋ።

ሕጉ አንድ ነው፦ እንቅስቃሴው የሚለወጠው በንክኪ ብቻ ነው። ይህን ይዘሽ ሾቱን በሦስት ክፈይው።

መጀመሪያ ግፊቱ። ጉልበቶቿ በ6 ፍሬም ይታጠፉ፣ በ5 ፍሬም ይዘርጉ። እግሮቿ እስከ መጨረሻው ፍሬም ድረስ ከግድግዳው አይላቀቁ። በተላቀቁበት ፍሬም ላይ ሰውነቷ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ መገኘት አለበት፤ ከተላቀቀች በኋላ የምትፈጥን ከሆነ ሞተር የተገጠመላት ትመስላለች።

ከዚያ ጉዞው። ከተላቀቀችበት ፍሬም እስከምትነካበት ፍሬም ያሉትን የዋናውን ኮንትሮል ኪፍሬሞች መርጠሽ የቲን (T) ቁልፍ ተጫኚና ሊኒየር (ፍጥነቱ የማይለወጥ) አድርጊያቸው። ቦታውን ብቻ ሳይሆን ማሽከርከሩንም ጭምር። መሃል ላይ ምንም ኪፍሬም አትጨምሪ።

ለመጨረሻው፣ ለመያዙ፣ ጊዜሽን ስጪው። መጀመሪያ የሚደርሰው እጅ ነው። መዳፉ ብረቱን በጨበጠበት ፍሬም ላይ እጁ ይቆማል፣ ሰውነቱ ግን አይቆምም። ክርኑ በ8 እስከ 10 ፍሬም ይታጠፋል፣ ትከሻው ወደ ግድግዳው ይጠጋል፣ ዳሌው አሁንም እየሄደ ስለሆነ እግሮቹ እጁን ማዕከል አድርገው ወደ ጎን ይዞራሉ፣ ግድግዳውንም በጫማቸው ጎን ይነካሉ። እጅ፣ ትከሻ፣ ዳሌ፣ እግር፤ በየመካከላቸው ከ3 እስከ 4 ፍሬም መዘግየት። ተመልካቹ ልጅቷ 30 ኪሎ እንደምትመዝን የሚያምነው እዚህ ላይ ነው። ክብደት ባይኖራትም ግዝፈቷ አብሯት አለ፤ ለማስቆም የሚያስፈልገው ኃይል ምድር ላይ ከሚያስፈልገው አይለይም።

ስለ ፍጥነት፦ 4 ሜትር በ96 ፍሬም ማለት በሰከንድ 1 ሜትር ነው፤ ለተለማመደች ልጅ ልክ ነው። በሰከንድ ግማሽ ሜትር ብታደርጊው 192 ፍሬም፣ ማለትም 8 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያለ ቆረጣ የሚሸከመው ሾት ጥቂት ነው። ፍርሃት ላይ ያለችበትን አዝግሚው፣ የተቀረውን ባለበት ተዪው።

አጥንትና መገጣጠሚያ

ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር። ከርቩ ሊኒየር ሆኖም ልጅቷ የምትዋልል ከሆነ የምትዞረው በተሳሳተ ነጥብ ዙሪያ ነው ማለት ነው። የሪጉ ሩት (ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው መነሻ) መሬት ላይ ነው፣ የቶርሶ (የግንድ) ኮንትሮሉ ዳሌ አካባቢ ነው፤ ነፃ ተንሳፋፊ አካል ግን የሚሽከረከረው በክብደት ማዕከሉ ዙሪያ ነው። የአዋቂ ሰው ማዕከል ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ይላል። ያንቺ ልጅ አራት ጭንቅላት ስለሆነች ማዕከሏ ከፍ ብሎ ወደ ደረት ይጠጋል፤ ሄልሜት ስታጠልቅ ደግሞ ይበልጥ ይወጣል። ዳሌዋ ላይ ካሽከረከርሻት ከባዱ ጭንቅላት ሰፊ ክብ ይሠራል፣ ሰው ያወዛወዛት አሻንጉሊት ትሆናለች።

መፍትሔው፦ በሪጊፋይ የአከርካሪ አማራጮች ውስጥ ከስተም ፒቮት (በራስ የሚመረጥ የመዞሪያ ነጥብ) የሚል አለ፤ እሱን አብርተሽ ሪጉን እንደገና አመንጪውና ፒቮቱን ከደረት አጥንቷ ታችኛው ጫፍ ላይ አስቀምጪው። ለማረጋገጥ እዚያው ነጥብ ላይ ትንሽ ቦን (የሪግ አጥንት) ጨምሪና በፖዝ ሞድ ሞሽን ፓዝ አስሊለት። በጉዞው ክፍል የሚሳለው መስመር ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ሞገድ ከታየ እጅና እግር ሲንቀሳቀስ ማዕከሉን እየጎተተ ነውና ቶርሶውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ተቃራኒው መልሺው።

ሁለተኛው ነገር አኳኋን ነው። እግሯን ቀጥ አድርጋ እንደ ቆመች የምትንሳፈፍ ከሆነ ስህተት ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1973 እና 1974 ከስካይላብ ሠራተኞች ላይ የለካው የተፈታ አኳኋን አለ፤ በግንድና በጭን መካከል 128 ዲግሪ፣ ጉልበት 133፣ ቁርጭምጭሚት 111። ክንዶች ወደ ፊት ተነሥተው ከደረት ፊት ይንሳፈፋሉ፣ አንገት ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ይህን አንድ ፖዝ አድርገሽ በፖዝ ላይብረሪ አስቀምጪው፤ ልጅቷ ምንም በማታደርግበት ጊዜ ሁሉ የምትመለሰው ወደዚህ ነው። እንቅልፍ ላይ ስትሆንም እንዲሁ።

እጅና እግር መሃል ላይ ቀስ እያሉ የሚወዛወዙትን አጥፊው። ምክንያት የሌለው ውዝዋዜ የውኃ ምልክት ነው። እጇን ካነሣች ለምን እንዳነሣች ይታወቅ፤ ግንዷም ጥቂት ዲግሪ ወደ ተቃራኒው ይዙር።

ሽክርክሪት ላይ፦ ተዘርግታ አንድ ዙር በ72 ፍሬም የምትዞር ከሆነ ጉልበቷን አቅፋ ስትጠቀለል በግምት ሦስት እጥፍ ትፈጥናለች፣ አንድ ዙር በ24 ፍሬም። ስትዘረጋ ወደ 72 ትመለሳለች እንጂ አትቆምም። መቆም የሚቻለው አንድ ነገር በመያዝ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀድመሽ ፈትሺ፦ አራት ጭንቅላት ያላት ልጅ ክንዷ አጭር ስለሆነ ሄልሜቱን በሁለት እጇ ከላይ አድርጋ ማጥለቅ ላይችል ይችላል። አኒሜሽኑ ሳይጀመር ሪጉ ላይ ሞክሪው። ካልደረሰ ሄልሜቱን አየር ላይ አቁማ ጭንቅላቷን ከታች ታስገባ፤ እዚያ ቦታ ይህ ይበልጥ ያምራል።

ነጭ ሸራ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሊኒየሩና ፒቮቱ ብቻ ሾቱን ለወጡት። የፀጉሩ ነገርስ? ደግሞ አንድ ትዕይንት አለ፦ ልጅቷ በትልቁ ክፍል መሃል ላይ ቀጥ ብላ ትቀራለች፣ እጇ የትኛውም ግድግዳ ላይ አይደርስም። በምን ትውጣ?

ክፈፍ በክፈፍ

ፀጉሩ፦ ሲሙሌሽኑ በዜሮ ስበት የሚመለሰው ወደ መነሻ ቅርጹ ነው። መነሻው የተንጠለጠለ ሆኖ ከተሠራ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመነሻ ቅርጹን ከጭንቅላቷ ዙሪያ ተበትኖ እንደቆመ አድርገሽ እንደገና ሥሪው፤ ከዚያ ሲሙሌሽኑ በእሱ ዙሪያ ይወዛወዝ። የተጎነጎነ ፀጉር ከሆነ ሥራው ይቀላል፦ ለእያንዳንዱ ጉንጉን ከ5 እስከ 6 ቦን፣ መነሻው ወደ ውጭ የወጣ። ሰውነት ሲቆም ጉንጉኑ 2 ፍሬም ቆይቶ ወደ ፊት ያልፋል። ጨርቅ ላይም ኤር ቪስኮሲቲውን ዝቅ አድርጊ፤ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ውኃ ትመለሻለሽ።

ፊዚክስ ወዳድ

መሃል ላይ የቀረችው ልጅ ጥሩ ትዕይንት ናት። ምንም ሳትነካ የክብደት ማዕከሏን ማንቀሳቀስ አትችልም። አየር ስላለ እጇን ብታርገበግብ ትንሽ ትሄዳለች፣ ግን ከትዕግሥት በላይ በዝግታ። ፊቷን ማዞር ግን ትችላለች፦ ድመት ስትወድቅ እንደምታደርገው ክንዷን በክብ ስታዞር ግንዷ በተቃራኒው ይዞራል። ስለዚህ በሩን ታየዋለች እንጂ አትደርስበትም። ልጅ ሊረዳው የሚችል ችግር ነው፣ ያለ አንድ ቃል።

መውጫው ጫማዋ ነው። ልጅቷ 30 ኪሎ ግራም፣ ጫማው ግማሽ ኪሎ ይሁን። በሰከንድ 6 ሜትር ብትወረውረው እሷ በተቃራኒው በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር ትሄዳለች። አንድ ሜትር ለመሄድ 10 ሰከንድ፣ 240 ፍሬም። እዚህ ላይ መቁረጥ ግድ ነው፤ ጫማው ግድግዳ ላይ ሲነጥር፣ ፊቷ፣ ቀስ ብሎ የሚቀርበው እጀታ።

ልብ የሚባለው ነገር ውርወራው የሚያልፍበት መስመር ነው። ከራሷ በላይ አድርጋ ከወረወረችው ግፊቱ ከማዕከሏ በላይ ስለሚያልፍ ወደ ኋላ እየተገለበጠች ትሄዳለች። ከደረቷ በሁለት እጇ ከገፋችው ግን ሳትሽከረከር ትሄዳለች። ጫማዋ ሁለት ነው፦ በመጀመሪያው ትገለበጣለች፣ በሁለተኛው ይሳካላታል።

ሌላም ለታሪኩ የሚሆን እውነት፦ ጣቢያ ውስጥ ማራገቢያዎች ሁልጊዜ ይሠራሉ፤ አየሩ ካልተንቀሳቀሰ የተነፈሰችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊቷ ዙሪያ ይከማቻል። ስለዚህ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ እየተንሳፈፈ መጨረሻው የአየር መሳቢያው ወንፊት ላይ ነው። ልጅቷ የጠፋባትን ነገር የምትፈልገው እዚያ ይሁን።

ስቶሪቦርድ

እንባውን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። እዚያ ቦታ እንባ እንደማይወርድ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የቤተሰብ ፊልም ነው፤ ትንሽ ልጅ ማልቀሷን የሚያውቀው እንባው ጉንጭ ላይ ሲወርድ አይቶ ነው። ሕጉን እዚህ ላይ መስበር ይሻላል ባይ ነኝ።

ፊዚክስ ወዳድ

በዚህ አልስማማም፤ እውነተኛው ከሚወርደው ይበልጣል። እንባ ስበት በሌለበት በገጽታ ውጥረቱ ዓይን ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሲጨምር ይወፍራል፣ ዓይኑን ይሸፍናል፣ ከዚያ በአፍንጫዋ ድልድይ በኩል ተሻግሮ ሌላውን ዓይን ይይዛል። የሚፈስበት ቦታ ስለሌለው ያቃጥላል፤ ልጅቷ በውኃ ሌንስ ውስጥ ሆና ነው የምታየው። ልጅ ይህን ሲያይ ማልቀሷን ብቻ ሳይሆን ማንም የሚጠርግላት አለመኖሩንም ያያል።

ክፈፍ በክፈፍ

አሠራሩ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ለእንባው የተለየ ሜሽ (የ3ዲ ቅርጽ) ሥሪና በሽሪንክራፕ (አንዱን ገጽ በሌላው ላይ በሚለጥፍ መሣሪያ) ዓይኑና ቆዳው ላይ አጣብቂው። አራት ሼፕ ኪ (የተመዘገበ የቅርጽ ለውጥ) ይበቃዋል፦ የታችኛው ሽፋሽፍት ላይ ያለ ቀጭን መስመር፣ ዓይኑን ግማሽ የሸፈነ፣ ሙሉ የሸፈነ፣ ወደ አፍንጫ ድልድይ የተሻገረ። ከአንዱ ወደ ሌላው እኩል በሆነ ፍጥነት አይሂድ፤ ውኃ ተጣብቆ ይቆይና በድንገት ያልፋል። ስለዚህ ለ30 ፍሬም ይወፍር፣ ድልድዩን በ4 ፍሬም ይሻገር፣ ከዚያ ለ12 ፍሬም እየቀነሰ ይርገብገብ። ማቴሪያሉ የውኃ ነው፣ አይኦአር (የብርሃን መታጠፊያ መጠን) 1.333። ዓይኗን ስትጨፍን ውኃው ይጨመቃል፣ ወደ ጎን ያብጣል። በእጅጌዋ ስትነካው ጨርቁ ይመጠዋል፤ የእጅጌውን ቀለም በማስክ አጥቁሪው። ጭንቅላቷን በኃይል ብትነቀንቅ ደግሞ ጥቂት ጠብታ ተላቆ ክብ ሆኖ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ይህን ከሁለት ጠብታ በላይ አታድርጊው።

ፊቷንም አትርሺ፦ ፈሳሽ ወደ ላይ ስለሚወጣ የጠፈርተኞች ፊት ያብጣል፣ እግራቸው ይቀጥናል። ጉንጯ ላይ ትንሽ ሙላት የሚጨምር አንድ ሼፕ ኪ ለጣቢያው ትዕይንቶች ሁሉ አብሪ፤ ጨረቃ ላይ ቀንሺው።

ስቶሪቦርድ

ድልድዩን የሚሻገረው እንባ አሳምኖኛል። ካሜራው በዚያ ሾት ላይ አይንቀሳቀስ።

ጨረር ቆጣሪ

ሄልሜቱና ከዋክብቱ የእኔ ጉዳይ ነው።

ፊቷ የሚጨልመው ሳይክልስ (ጨረር እየተከተለ ምስል የሚያወጣው የብሌንደር ሬንደር ሞተር) ውስጥ የመስታወት ሼደር (የገጽ ቁስ ቅንብር) ብርሃንን እንደ ግድግዳ ስለሚጋርድ ነው። ብርሃን በመስታወት አልፎ ፊት ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገው ኮስቲክ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ጥላ ይቀራል፣ ሲበራ ደግሞ ነጫጭ ነጠብጣብ ይመጣል። ስለዚህ የመስታወት ሼደሩን ተዪው። ትራንስፓረንትና ግሎሲን (አሳላፊና አንጸባራቂ ሼደሮችን) በፍሬስኔል (ነጸብራቁን በዕይታ ማዕዘን በሚለውጥ ኖድ) ቀላቅዪ፤ የሄልሜት ፖሊካርቦኔት አይኦአር 1.58 ገደማ ነው። ብርሃን ስለማይታጠፍ ፊቷ አይጣመምም፣ ጥላውም ይጠፋል። ማስታወቂያ ላይ ለሚወጣ አንድ ምስል እውነተኛ መስታወት ከፈለግሽ በላይት ፓዝ ኖድ የጥላ ጨረሩን ወደ ትራንስፓረንት ምሪው።

ይህን ስታደርጊ ሌላ ችግር ይመጣል፦ ሽፋሽፍቷ ወይም ፀጉሯ ላይ ጥቁር ነጥብ። ብርሃኑ የሄልሜቱን ሁለት ገጽ፣ ከዚያ የፀጉሩን ካርዶች ሲያልፍ ትራንስፓረንት ባውንሱ (ጨረር የሚያልፍባቸው አሳላፊ ገጾች ገደብ) ያልቃል፤ ነባሪው 8 ነው። ወደ 24 አውጪው።

ሄልሜቱ ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ዓይኗን እንዳይሸፍን ያንን መብራት መርጠሽ በኦብጀክት ቪዚቢሊቲ ውስጥ ግሎሲውን አጥፊው፤ ፊቷን ያበራል፣ መስታወቱ ላይ አይታይም። ከዚያ ለነጸብራቅ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ረጅም ፕሌን ከጎን አቁሚ። የነጸብራቁ ጫፍ ግንባሯና ጉንጯ ላይ ይለፍ።

ከዋክብቱ ደግሞ፦ ኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝ (የብሌንደር ዲኖይዘር) አንድ ፒክስል የሆነ ብሩህ ነጥብ ሲያገኝ ስህተት ነው ብሎ ያብሰዋል፤ ሥራው ነው። ከዋክብቱን በተለየ ቪው ሌየር (ለብቻው በሚወጣ የምስል ንብርብር) አድርጊ፣ ያለ ዲኖይዝ ሬንደር አድርጊ፣ በኮምፖዚተር (ንብርብሮቹ በሚዋሐዱበት) ከኋላ ጨምሪ። እያንዳንዱ ኮከብ ከ1.5 እስከ 2 ፒክስል ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ካሜራው ሲዞር ብልጭ ድርግም ይላል። ጠፈር ላይ ያሉ ከዋክብት አይብለጨለጩም፤ ብልጭታው የአየር ሥራ ነው። ጥቁር ሰማይና የምድር ሰማያዊ ጠርዝ በ8 ቢት ቪዲዮ ላይ በደረጃ በደረጃ ይቆራረጣል፤ ቀጭን ግሬይን ጨምሪበት፣ የመጨረሻውን ፋይልም በ10 ቢት አውጪ።

ብርሃኑ ላይ። ፀሐይ አንድ መብራት ናት፣ ጠርዟ ስል ነው። የብሌንደር ሰን ላምፕ አንግል በነባሪ 0.526 ዲግሪ ነው፣ ከምድር የምትታየው የፀሐይ ስፋት ራሱ ነው፤ ለማለስለስ ብለሽ አትንኪው። ማለስለሻሽ ምድር ናት። ከ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ምድር 140 ዲግሪ የሚሆን የዕይታ ስፋት ትይዛለች፤ ከእግርሽ በታች ያለው ሁሉ እሷ ነው። ስለዚህ ከታች የሚመጣ ግዙፍ፣ ነጣ ያለ ሰማያዊ ኤሪያ ላይት አድርጊ። የልጅቷ አገጭና የአፍንጫዋ ሥር የሚበራው ከታች ነው።

ከዚሁ የሚመጣ የተለመደ ስህተት፦ በጣቢያው መስኮት ምድር እንደ ኳስ ሙሉ ሆና አትታይም። የሚታየው የአድማሱ ቅስት ብቻ ነው። ፍጥነቷንም ጠብቂ፤ አንድ ዙር 92 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ በ10 ሰከንድ ሾት ውስጥ የሚዞረው ከ1 ዲግሪ በታች ነው። ደግሞ ምድርን በእውነተኛ መጠኗ በሜትር አትሥሪያት፤ ብሌንደር በ32 ቢት ስለሚያሰላ ሜሹ ይንቀጠቀጣል። ራዲየሷን 637.1፣ የካሜራውን ከፍታ 40 አድርጊ፤ ዕይታው ያው ነው።

ፊዚክስ ወዳድ

አንድ ጥያቄ ብቻ። በፀሐይ ብርሃን ላይ የተስተካከለ ካሜራ ከዋክብትን አያይም፤ የአፖሎ ፎቶዎች ሰማያቸው ጥቁር የሆነው ለዚህ ነው። ሁሉም ሾት ላይ ከዋክብት መኖር አለባቸው?

ጨረር ቆጣሪ

አይኖርባቸውም፤ ባይኖሩም ይሻላል። ጣቢያዋ በቀን 16 ጊዜ ገደማ ፀሐይ ይወጣላታል። ፀሐይ ላይ ስትሆን ሰማዩ ጥቁር ይሁን፣ ጥላው ውስጥ ስትገባ ከዋክብቱ ይውጡ። ከ20 እስከ 30 ፍሬም ባለ ሽግግር ኤክስፖዠሩን ከፍ ስታደርጊ ከዋክብቱ አብረው ይመጣሉ። ልጅቷ ብቸኝነቱ የሚሰማት ጨለማው ላይ ከሆነ ከዋክብቱን ለዚያ አስቀምጪያቸው። ሁሉም ሾት ላይ ከበተንሻቸው ያ ሾት የሚያመጣው አዲስ ነገር አይኖርም።

ነጭ ሸራ

የሬንደሩ ጊዜስ? አንድ ማሽን ብቻ ነው ያለው፣ ለአንድ ፍሬም 3 ደቂቃ ይፈጃል።

ጨረር ቆጣሪ

4 ደቂቃ ፊልም 5760 ፍሬም ነው። በ3 ደቂቃ ሲባዛ 288 ሰዓት፣ 12 ቀን ሙሉ ሳያርፍ። አንድ ጊዜ ብቻ ሬንደር የሚደረግ ፊልም ደግሞ የለም፣ በእጥፍ አስቢው። የጣቢያውን የውስጥ ትዕይንቶች ወደ ኢቪ (የብሌንደር ፈጣኑ ሬንደር ሞተር) ውሰጂያቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የረጅም አኒሜሽን ኦስካር የወሰደው የላትቪያ ፊልም በብሌንደር፣ ያውም በኢቪ ነው ሬንደር የተደረገው። ሳይክልስን ሄልሜት ላለባቸው የቅርብ ሾቶች አስቀሪ። ሁልጊዜም በኢሜጅ ሲኩዌንስ (እያንዳንዱን ፍሬም በተለየ የምስል ፋይል) አውጪ፤ ቪዲዮ ፋይል መሃል ላይ ከተቋረጠ ሁሉም ይጠፋል፣ ሲኩዌንስ ግን ከቆመበት ፍሬም ይቀጥላል።

ፊዚክስ ወዳድ

ለጨረቃው ክፍል ቁጥሮቹን ላስቀምጥ። በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ብትዘል ምድር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ወጥታ በ10 ፍሬም ታርፋለች። ጨረቃ ላይ በዚያው ጉልበት 1 ሜትር ከ23 ወጥታ በ59 ፍሬም ታርፋለች። ይህ ስሎው ሞሽን አይደለም። ስህተቱ የሚመጣው ሁሉንም በማዘግየት ነው፤ የምትዘገየው በአየር ላይ ያለችበት ጊዜ ብቻ ነው። ጉልበቷ መሬቱን የሚገፋው፣ እጇ የሚወናጨፈው፣ ፊቷ የሚዞረው በተለመደው ፍጥነት ነው። እዚህ ከርቩ ሊኒየር ሳይሆን ፓራቦላ ይሆናል፤ ከጫፉ ግራና ቀኙ እኩል።

አቧራው እንደ ጭስ አይነሣ። አየር ስለሌለ እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱን ፓራቦላ ሠርቶ ይወድቃል፤ ደመና አይሠራም፣ አየር ላይም አይቀርም። በሲን ፕሮፐርቲስ ስበቱን በዜድ -1.62፣ በፓርቲክል ሲስተም ደግሞ ድራግና ብራውኒያኑን (የአየር ጎታችነቱንና የዘፈቀደ ንቅናቄውን) ዜሮ አድርጊ። ምድር ከጨረቃ ስትታይ 1.9 ዲግሪ ስፋት ነው ያላት፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስና በ1920 ፒክስል ፍሬም 90 ፒክስል ገደማ። ሰማዩ ላይም ከቦታዋ እምብዛም አትንቀሳቀስም።

ድምፅ ክፍል

ስለ ድምፅ ማንም አላነሣም፣ የፊልሙ ልብ ግን ሬዲዮው ላይ ነው።

ጣቢያ ውስጥ ጸጥታ የለም፤ ማራገቢያና ፓምፕ ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ። ይህን ድምፅ ከመጀመሪያው ሾት ጀምሮ አስገቢው፤ ከውጭ ስትሆን ሲጠፋ ባዶነቱ ያኔ ይሰማል። ውጭ ላይ የሚሰማው ልብሱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፦ ትንፋሽ፣ የልብሱ ማራገቢያ፣ ሬዲዮ። ብረት ስትነካ ግን ንዝረቱ በጓንቱ በኩል ይሰማታል፤ ከ200 ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጠሽ አስገቢው። የእናቷን ድምፅ ከ300 እስከ 3000 ኸርዝ ባለው ክልል አጥሪው።

አሁን ወደ ዋናው። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ሬዲዮ ለመሄድ 1.28 ሰከንድ፣ ደርሶ ለመመለስ 2.56 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 61 ወይም 62 ፍሬም። ልጅቷ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ካለች በኋላ እናት ወዲያው ብትመልስም እነዚህ ፍሬሞች ባዶ ናቸው። አትቁረጪያቸው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ዓይኗን ታርገብግብ፣ አንድ ጊዜ አፏን ለመድገም ትክፈትና ትተወው። መልሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የምልልሱን ርዝመት በአኒማቲክ (በንድፍ ሥዕል የተሠራ የፊልሙ ረቂቅ ቪዲዮ) ላይ ከአሁኑ ለኪው፤ ስድስት ምልልስ ብቻ 15 ሰከንድ ይወስዳል።

የከንፈር ሥራ፦ ሩባርብ ሊፕ ሲንክን (የአፍን ቅርጽ ከድምፅ የሚያወጣ ሶፍትዌር) የምትጠቀሚ ከሆነ ማወቂያውን ወደ ፎኔቲክ ቀይሪው፤ ነባሪው በእንግሊዝኛ ቃላት የሚገምት ነው። ፎኔቲኩ ለመነሻ ይሆናል፣ ሁለት ነገር ግን በእጅ ታርሚያለሽ።

አንደኛ፣ ጥብቀት። «እማዬ» ላይ ምው ጠብቆ ነው የሚነገረው፤ ከንፈር 2 ፍሬም ሳይሆን 4 ወይም 5 ፍሬም ተዘግቶ ይቆያል። ሶፍትዌሩ ይህን አሳጥሮ ያልፈዋል፣ ያኔ ልጅቷ የምታኝክ ትመስላለች። በተቃራኒው «አበባ» ላይ ያለው በ በአናባቢዎች መካከል ስለሆነ ላልቶ ያልፋል፣ ከንፈር ይጠጋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሙሉ ከዘጋሽው ንግግሩ የተቆራረጠ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቋ፣ ኳ፣ ጓ እና መሰሎቻቸው። ከንፈር መክበብ የሚጀምረው ከፊደሉ በፊት ነው፣ በ2 ፍሬም አስቀድሚው። ካዕብና ሳብዕ ክብ ናቸው፣ ራብዕ ክፍት፣ ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን የተለጠጡ፤ ሳድስ ላይ ግን አፍ እምብዛም ስለማይከፈት ለእያንዳንዱ ፊደል አፍ አትክፈቺ። ሄልሜት ውስጥ ያለ አፍ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ትርፍ እንቅስቃሴው ጎልቶ ይረብሻል።

ነጭ ሸራ

ሁሉንም ሥራ ላይ እያዋልኩት ነው። ከሊኒየሩ በኋላ አንድ ነገር ቀርቷል፦ ግድግዳውን በምትለቅበት ፍሬም ላይ ትንሽ ዝላይ ይታያል፣ ስትይዝም መዳፏ ብረቱ ላይ ይንሸራተታል።

ክፈፍ በክፈፍ

ዝላዩ የሁለቱ ከርቮች ቁልቁለት ስላልተገናኘ ነው። በሰከንድ 1 ሜትር ማለት በፍሬም 4.17 ሳንቲ ሜትር ነው። ግፊቱ የሚያልቅበት የመጨረሻ ፍሬም ላይም ዳሌዋ ይህንኑ ያህል መሄድ አለበት። በዚያ ኪፍሬም ላይ የግራውን ሃንድል (የከርቩን መጎተቻ) ፍሪ አድርጊና ከሊኒየሩ መስመር ጋር ቀጥ እስኪል ጎትቺው። ፍሬም በፍሬም እያለፍሽ ርቀቱን ለኪ፤ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2፣ 3፣ ከዚያ 4.17 ሆኖ ይቀጥል።

አጥንትና መገጣጠሚያ

መዳፉ የሚንሸራተተው እጁ በኤፍኬ (ከትከሻ ጀምሮ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ በማዞር) ላይ ስለሆነ ነው። ከመንካቱ 1 ፍሬም በፊት ወደ አይኬ (መዳፉ ቦታውን ይዞ ክንዱ የሚከተልበት) ቀይሪው፣ የአይኬውን ፓረንት (የሚከተለውን ነገር) የብረቱ ኤምፕቲ (ሬንደር ላይ የማይታይ ምልክት) አድርጊው። ስትቀይሪ ኤፍኬውን ወደ አይኬ የሚያገጥመውን የሪጊፋይ ስናፕ ቁልፍ ተጫኚ፤ ካልሆነ ክንዱ ይዘላል። ክርኑ ወደ ውስጥ እንዳይገባም ፖል ታርጌቱን (የክርኑን አቅጣጫ የሚመራውን) በዚያው ፍሬም ላይ ኪ አድርጊው።